የዶሮ እግር ያለው ፍየል፦ ይገዛ ወይስ ይቅር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አራት ጓደኛሞች ሆነን ጉዞ ላይ ነን። ትናንት አንድ የእጅ ሥራ ገበያ ውስጥ ከእንጨት የተሠራ ፍየል መሰል ነገር አየሁ። ቁመቱ ክንድ ያህላል። እግሩ ግን የዶሮ ነው። ምላሱ ከቆዳ፣ ጅራቱ ከደረቅ ሣር ነው፤ ጥርሱ ደግሞ አጥንት ይመስለኛል። ሰውነቱ ቢጫ ሆኖ ሰማያዊ ነጠብጣብ አለበት። እኔ ሳየው ልቤ እዚያው ቀረ። ጓደኞቼ ግን ሙድ ያዙብኝ። አንዷ “ይሄን ቤት አስገብተሽ ማታ እንቅልፍ ይወስድሻል?” አለች። ሌላው ደግሞ “በፋብሪካ ለቱሪስት የሚመረት ነው፣ ባህላዊ እንኳን አይደለም” አለኝ። ሻጩ የጠራልኝ ዋጋ ውድ ይሁን ርካሽ አላውቅም። ከነገ ወዲያ እንመለሳለን። ሁለት ፎቶ ልኬልዎታለሁ። ልግዛው? ከገዛሁትስ እንዴት አድርጌ ይዤው ልሂድ?

መልስ፦

እህቴ፣ ጊዜሽ አጭር ስለሆነ መልሱን ላስቀድምልሽ። ግዢው ባይ ነኝ። ግን ነገ ጠዋት ብቻሽን ተመልሰሽ፣ ከዚህ በታች የምጽፍልሽን ካየሽ በኋላ ይሁን። ሥራዬ የእንጨትና የሸክላ እጅ ሥራዎችን መመርመርና መጠገን ነው። ስለዚህ ዕቃውን በእጄ ሳልይዝ ፍርድ መስጠት አልወድም። ያም ሆኖ የላክሻቸው ሁለት ፎቶዎች ከጠበቅሁት በላይ ይናገራሉ።

በመጀመሪያ ግን “ባህላዊ እንኳን አይደለም” ያለውን ጓደኛሽን ላንሳ። ይህ አነጋገር ብዙ ሰው ጥሩ ዕቃ ጥሎ እንዲሄድ አድርጓል። ባህላዊ ሲባል ብዙዎቻችን ከቅድመ አያት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ፣ ማን እንደጀመረውም የማይታወቅ ነገር እናስባለን። ዓለም ላይ ስማቸው የገነነ የጉዞ ማስታወሻዎች ግን ብዙዎቹ እንደዚያ አይደሉም። የሩሲያዋን ማትሪዮሽካ ውሰጂ፤ አንዷ በሌላዋ ሆድ ውስጥ የምትገባውን የእንጨት አሻንጉሊት። ሲያዩዋት የጥንት ትመስላለች። የተፈጠረችው ግን በ1890ዎቹ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንጨቱን የሠራው ቫሲሊ ዝቪዮዝዶችኪን ነው፤ መልኳን ያወጣላት ደግሞ ሠዓሊው ሰርጌይ ማልዩቲን። የመጀመሪያዋ ስምንት አሻንጉሊት ነበረች። በ1900 ፓሪስ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ቀርባ ሜዳሊያ አገኘች። የአገር መለያ የሆነችው ከዚያ ወዲህ ነው።

ለአንቺ ፍየል ይበልጥ የሚቀርበው ግን አሌብሪሄ የሚባሉት የሜክሲኮ የአውሬ ቅርጾች ታሪክ ነው። ፔድሮ ሊናሬስ የሚባል የሜክሲኮ ሲቲ ባለሙያ ነበር፤ ከወረቀትና ከሙጫ ቅርጻ ቅርጽ ይሠራል። በ1930ዎቹ በጠና ታመመና በሰመመን ውስጥ ሆኖ ክንፍ ያለው አህያ፣ የበሬ ቀንድ ያለው አውራ ዶሮ፣ የንስር ራስ ያለው አንበሳ አየ ይባላል። ሲድን ያየውን በወረቀት መሥራት ጀመረ። በኋላ ኦአሃካ በሚባለው ግዛት ያሉ የመንደር ጠራቢዎች ሐሳቡን ከራሳቸው የእንጨት ሥራ ጋር አዋሃዱት። ኮፓል ከሚባል ለስላሳ እንጨት የሚሠሯቸውን ባለ ደማቅ ቀለም አውሬዎች ዛሬ ቱሪስት ሁሉ ይገዛቸዋል። ሊናሬስ ራሱ በ1990 የአገሩን ብሔራዊ የኪነ ጥበብ ሽልማት ተሸለመ። ያኔም ቢሆን “ይሄን ቤት አስገብተህ እንቅልፍ ይወስድሃል?” ያለ ሰው አይጠፋም።

ታንዛኒያም እንዲሁ ነው። ኤድዋርድ ሳይዲ ቲንጋቲንጋ በ1968 ገደማ ዳሬሰላም ውስጥ በርካሽ ጣውላ ላይ፣ ለብስክሌት በሚሆን የሚያብረቀርቅ ቀለም እንስሳት መሣል ጀመረ። ገዢዎቹ በብዛት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። በ1972 በለጋ ዕድሜው ሞተ። የእሱን እጅ ያዩ ዘመዶቹና ተማሪዎቹ ግን ቀጠሉበት። ዛሬ የዚያች አገር ሥዕል ሲባል መጀመሪያ የሚታወሰው ይኸው በስሙ የሚጠራው አሣሣል ነው።

እንግዲህ ለቱሪስት ተብሎ መሠራት ስድብ አይደለም። ሰው በእጁ ለገበያ ቢሠራ ምን ነውር አለው? እኔ ዕቃ ስመረምር “ስንት ዓመቱ ነው?” ብዬ አልጀምርም። “የማን እጅ ነው?” ብዬ ነው የምጀምረው።

ጓደኛሽ ግን በአንድ ነገር ልክ ነው። ፎርጅዱ ብዙ ነው። በ2019 የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት አንድ የመታሰቢያ ዕቃ አከፋፋይ ኩባንያን 2.3 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጥቷል። ኩባንያው ቡመራንግ የሚባለውን ጠማማ የእንጨት መወርወሪያና ሌሎች ዕቃዎችን የአገሬው ተወላጆች ሥራ አስመስሎ ይሸጥ ነበር። የተሠሩት ግን ኢንዶኔዥያ ነው። የሸጠው ከ18 ሺህ በላይ ዕቃ ነበር። ልብ በይ፣ ዕቃዎቹ “በእጅ የተቀባ” የሚል ጽሑፍ ነበራቸው። ክርክሩ የእጅ ሥራ ናቸው አይደሉም በሚለው ላይ አልነበረም። የማን እጅ እንደሆነ ገዢው መታለሉ ነው ያስቀጣው።

ወደ ፍየልሽ ልመለስ። ነገ ሻጩን አስፈቅጂና ገልብጪው። ፊቱ ገዢ እንዲያየው የተሠራ ነው። ሆዱ፣ የእግሩ መርገጫና የብብቱ ሥር ግን ማንም አያየውም ተብሎ የተተወ ነው። ምርመራው እዚያ ይጀመራል። በቢላና በመሮ የተጠረበ እንጨት ጠፍጠፍ ያሉ የቁርጥ ምልክቶች አሉት። አንዱ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ፤ አቅጣጫቸውም ይለያያል። ማሽን የፈለፈለው ደግሞ እኩል የተራራቁ ቀጫጭን መስመሮች ይተዋል፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ይሄዳሉ። አንዳንዱ ዕቃ በማሽን ተፈልፍሎ ላዩ በእጅ ይለሰልሳል። ስለዚህ ማለስለሻ ወረቀት የማይደርስበትን ቦታ ፈልጊ፦ የጆሮውን ውስጥ፣ የአፉን ጥግ፣ በጣቶቹ መካከል። የስልክሽን መብራት ፊት ለፊት አታብሪበት። ወደ ጎን አጋድመሽ ስታበሪ ጥቃቅኑ ጉብታና ጎድጓዳ ጥላ ያወጣል። ፊት ለፊት ካበራሽ ሁሉም ነገር ልስልስ መስሎ ይታይሻል።

እንጨት መሆኑንም አረጋግጪ። ብዙ የገበያ ቅርጽ ሬዚን የሚባል፣ ፈስሶ የሚደርቅ ፕላስቲክ መሰል ነገር ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተሞልቶ የሚወጣ ነው። ከጎን ወደ ጎን የሚዞር ቀጭን የመጋጠሚያ መስመር ይኖረዋል፤ ሊፍቁት ቢሞክሩም ከቀንዱ ሥር ወይም ከእግሩ መካከል አይጠፋም። ጥቃቅን የአየር አረፋ ቀዳዳም ይታይበታል። ስትነኪው ቀዝቀዝ ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜም እንደሱ ዓይነት መጠን ካለው ለስላሳ እንጨት ይከብዳል። እውነተኛ እንጨት ከሆነ ደግሞ የእንጨቱ መስመር በሰውነቱ ርዝመት ይሄድና ተቆርጦ ያለቀበት ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ እግሩ ሥር፣ ቀስት ቀስት ሆኖ ይወጣል። ይህን በቀለም ማስመሰል ከባድ ነው። በጋለ መርፌ ወግተሽ ሞክሪ የሚል ምክር ከሰማሽ ግን አትስሚ። ዕቃው ገና ያንቺ አይደለም።

አሁን ፎቶሽ። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ግራ ቀንዱን አጉዪው። ሰማያዊዎቹ ነጠብጣቦች ከሥር ጀምረው እየዞሩ ወደ ጫፍ ይወጣሉ። መጀመሪያ ላይ ትልልቅና እኩል የተራራቁ ናቸው። ጫፉ ጋ ሲደርሱ ቦታ አጠራቸው። ቀቢው የመጨረሻዎቹን ሦስት ነጠብጣቦች አሳንሶ፣ አንዷን እንዲያውም ግማሽ አድርጎ ጠርዝ ላይ ለጠፋት። ቀኝ ቀንዱ ላይ ግን ያ የለም፤ ቀንዱ ተጋምሶ ገና ሳይጨናነቅ ማሳነስ ጀምሯል። ከግራው ተምሮ ነው። ግራውን ቀድሞ እንደቀባው በዚህ አውቃለሁ። በኅትመት የሚለጠፍ ጌጥ እንደዚህ አይማርም። ነጠብጣቦቹ ራሳቸውም መሐላቸው ወፈር ብሎ አንድ ጎናቸው ላይ ቀጭን ጭራ አላቸው፤ ብሩሹ ሲነሣ የሳበው ነው። ነገ ቀለሙ ውስጥ የተቀበረ የብሩሽ ፀጉር ካገኘሽ ደስ ይበልሽ።

ሁለተኛው ፎቶ ላይ ከኋላ መደርደሪያው ላይ ሁለት ሌሎች ፍየሎች ይታያሉ። ጓደኛሽን “ፋብሪካ” ያሰኘው ይህ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ሰው ግን አንድ የተሸጠለትን ቅርጽ ደጋግሞ ቢሠራ ያለ ነገር ነው። ጣቶቻቸውን ቁጠሪ። ያንቺው ሦስት ጣት አለው። በስተቀኝ ያለው አራት። በስተግራ ያለው አንገቱን ወደ ሌላ ጎን አዙሯል፤ እንጨቱ ራሱ የተጣመመ ቅርንጫፍ ነበር ማለት ነው፤ ጠራቢው ከእንጨቱ ጋር አልተጣላም። ከአንድ ቅርጽ ማውጫ ቢወጡ ኖሮ እንዲህ አይለያዩም ነበር። ነገ ሦስቱንም ጎን ለጎን አስቁሚና ከአንድ ርቀት ፎቶ አንሺ። ልዩነቱ በቀለም ብቻ ከሆነ ተጠራጠሪ፤ አካሉ በማሽን ወጥቶ ለቀቢዎች የተከፋፈለ ሊሆን ይችላል። አካሉም ከተለያየ ጨርሰሻል።

አንድ ነገር ግን እንዳያስደነግጥሽ። አንዱ ጠርቦት ሌላው ቀብቶት ይሆናል። የእጅ ሥራ በሚሠሩ ቤተሰቦች ውስጥ ይህ የተለመደ ነው፤ ባል ይጠርባል፣ ሚስት ትቀባለች፣ ልጆች ያለሰልሳሉ። ሥሩ ላይ የተጻፈው ስም ግን የአንድ ሰው ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም። ብትጠይቂ ግን ጥሩ ነው።

ስለ መጠየቅ ካነሣን፣ ሻጩን “ኦሪጅናል ነው?” አትበዪው። አይደለም የሚል ሻጭ እስካሁን አልተወለደም። “ማን ሠራው? ምን እንጨት ነው? ስንት ቀን ይፈጃል? ምላሱን ለምን ከቆዳ አደረገው?” በይው። ሠሪውን የሚያውቅ ሰው ወሬው ይረዝማል፤ ስለ ሰውየው ጠባይ ሳይቀር ያወራሻል። የማያውቀው በሁለት ቃል መልሶሽ ወደ ዋጋ ይገባል። ነጋዴ መሆን ኃጢአት አይደለም፤ ብቻ የምትከፍዪው ለምን እንደሆነ እወቂ።

“በጣም አሮጌ ነው፣ መቶ ዓመት አልፎታል” ካለሽ ግን ጥለሽው ሂጂ። ወይ ውሸት ነው፤ ጭስ፣ አፈርና የጫማ ቀለም አዲሱን እንጨት በአንድ ሳምንት ያስረጁታል። ወይ ደግሞ እውነት ነው፤ ያ ይብሳል። ከ1970 የዩኔስኮ ስምምነት ወዲህ ብዙ አገሮች ቅርስ ያለ ፈቃድ ከድንበራቸው እንዳይወጣ ከልክለዋል። ያንቺው ፍየል ቀለሙ ገና ትኩስ ስለሆነ በዚህ በኩል ስጋት የለም።

ዋጋን በተመለከተ አጭር ነኝ። “የጠራውን ግማሽ ብለሽ ጀምሪ” የሚለውን ምክር አልወደውም፤ ይህን ምክር ሻጩም ሰምቶታል፤ ቀድሞ እጥፍ አድርጎ ይጠራዋል። ይልቅ እንዲህ አስቢ። ዕቃው ስንት ቀን ፈጀ? በአካባቢው አንድ ጥሩ አናጢ በቀን ምን ያህል ያገኛል? እሱን አባዢው፤ የእንጨትና የቀለሙን፣ የሻጩንም ድርሻ ጨምሪበት። የወጣው ቁጥር ሻጩ ከጠራው ጋር ከተቀራረበ ከፍለሽ ሂጂ። ሦስት ቀን ፈጀ የተባለው ሥራ የግማሽ ቀን ደመወዝ ከተጠራበት፣ ወይ ቀኑ ውሸት ነው ወይ ሠሪው እየተበዘበዘ ነው። ሠሪው ራሱ ከሆነ የሚሸጥልሽ እኔ ብዙም አልከራከርም። ይህ የእኔ ጠባይ ነው፤ ሕግ አይደለም።

ብቻሽን ሂጂ ያልኩሽ ለዚሁ ነው። አራት ሆናችሁ አንድ ጠረጴዛ ስትከቡ ግዢው ግዢ መሆኑ ይቀርና ትርኢት ይሆናል። አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ዋጋ ያስቀንሳል፣ አንዷ ቪዲዮ ትቀርጻለች። ሻጩ ማንን እንደሚያነጋግር ግራ ይገባዋል፤ አንቺም ዕቃውን ሳይሆን የጓደኞችሽን ፊት ነው የምታዪው። በሳቅ የተተወ ዕቃ ይቆጫል፤ ለማሳቅ የተገዛ ዕቃ ደግሞ ሳቁ ሲያልቅ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ይለብሳል። አንቺ ግን ትናንት ያየሽውን ዛሬም ምላሱና ጥርሱ ሳይቀር አስታውሰሽ ጽፈሽልኛል። ይህ ለእኔ ከጓደኞችሽ ድምፅ ይበልጥብኛል።

ምናልባት ነገ ማታ ስታሳዪያቸው አሳባቸውን ለውጠው “በመዋጮ እንግዛውና የጋራችን ይሁን” ይሉ ይሆናል። እሺ እንዳትዪ። ጉዞ ላይ ፍቅር ነው። ስትመለሱ ፍየሉ የማን ቤት ይደር? አንዷ ቤት ስትቀይር ማን ይውሰደው? ከእነዚህ የጋራ ዕቃዎች መካከል የሚጠገን ሲመጣልኝ “ማን ይክፈል?” የሚለው ጭቅጭቅ ከጥገናው ይረዝማል። ከወደዱት መደርደሪያው ላይ ሁለት ቀርተዋል። ሦስቱን አብራችሁ ብትገዙ እንዲያውም ሻጩ ሳይለመን ይቀንስላችኋል።

አሁን ወደሚያስጨንቀው ክፍል ልግባ። የፍየልሽ እንጨት ሳይሆን ተቀጥላው ነው ጉምሩክ ላይ ጥያቄ የሚያስነሣው።

ከጥርሱ እንጀምር። አጥንት ከሆነ፣ የከብት ወይም የፍየል፣ አብዛኛውን ጊዜ ችግር አይሆንም። የዝሆን ጥርስ ከሆነ ግን ከባድ ነው። በስልክሽ ካሜራ አቅርበሽ እዪው። አጥንት ላይ ጥቃቅን ጠቆር ያሉ ነጥቦችና ጭረቶች ይታያሉ፤ የደም ሥር ያለፈባቸው ቀዳዳዎች ናቸው። የዝሆን ጥርስ ላይ እነዚህ የሉም፤ ወደ ጎን የተቆረጠ ገጹ ላይ እርስ በርስ የሚሻገሩ ስስ መስመሮች አሉት። ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሳይተስ የሚባለው፣ በ1973 ተፈርሞ በ1975 ሥራ ላይ ውሏል። የዝሆን ጥርስ፣ የባሕር ኤሊ ድንጋይ ልብስ፣ አንዳንድ ዛጎልና ኮራል ሁሉ በእሱ ሥር ናቸው። “እኔ የገዛሁት ለጌጥ ነው” ማለት አያድንም፤ ዕቃው ይወረሳል፣ ቅጣቱም አለ። ሻጩ ጥርሱ የምን እንደሆነ በግልጽ ካልነገረሽ እንዲነቅለው ጠይቂውና በእንጨት ይተካልሽ። አሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ምላሱን ንኪው፤ አሽቺውም። የለፋ ቆዳ ለስላሳ ነው፤ ፀጉር የለውም፤ የቆዳ ጫማ ዓይነት ሽታ ነው ያለው። ፀጉር የቀረበት፣ ደርቆ ካርቶን የሆነና የሚከረፋ ከሆነ ጥሬ ቆዳ ነው። ጥሬ የፍየል ቆዳ ቀልድ አይደለም። በ1974 አሜሪካ ውስጥ አንድ የፍሎሪዳ ነዋሪ አባ ሰንጋ ይዞት ምንጩ ሲፈለግ፣ ከሄይቲ የተገዛ የፍየል ቆዳ ከበሮ ሆኖ ተገኘ። በ2006ም ኒው ዮርክ ውስጥ ከበሮ የሚሠራ ሰው ካልለፋ ቆዳ በዚሁ በሽታ ተይዟል። እንዲህ ያለው ነገር የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነው። ግን ለአንዲት ምላስ ብሎ ማን ይጨነቃል? ጥሬ ከሆነ ቀይ ጨርቅ ያድርግልሽ።

ጅራቱ ከሁሉም ይበልጥ የሚያስቆምሽ ነው። ደረቅ ሣር ዘርና ነፍሳት ይደብቃል። አውስትራሊያና ኒው ዚላንድ በዚህ ነገር የታወቁ ጥብቆች ናቸው። ኒው ዚላንድ ሳታስመዘግቢ ይዘሽ ከተገኘሽ እዚያው ኤርፖርቱ ላይ 400 የአገሩን ዶላር ያስቀጣሻል። ካስመዘገብሽ ግን አይቀጡሽም፤ ያዩታል፣ ካልተመቻቸው ጅራቱን ያስቀሩታል፣ ወይም በወጪሽ ይታከምልሻል። ሌላ አገርም ብትሄጂ ቅጹ ላይ “የእንጨትና የዕፅዋት ውጤት ይዣለሁ” በሚለው ላይ አዎ ብለሽ ምልክት አድርጊ። ወረፋው ትንሽ ይረዝማል፤ ከዚያ ያለፈ ጣጣ የለውም። ሣሩ ላይ የዘር ፍሬ ካለ ግን እዚያው ገበያ ላይ አራግፈሽ አስለቅሚው፤ ወይም ያለ ጅራት ግዢውና ቤትሽ ገመድ ፈትለሽ ስጪው።

እንጨቱን በተመለከተ ቀላልና ነጣ ያለ ስለሚመስል ብዙም አያሳስበኝም። ከብዶ፣ ጠቁሮ ወይም ወደ ቀይ ሐምራዊ የሚሄድ እንጨት ቢሆን ኖሮ ስሙን ጠይቂ እልሽ ነበር። ሮዝውድ የሚባሉት የዳልበርጂያ ዝርያዎች በሙሉ ከ2017 ጀምሮ በዚያው ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው።

አስተሻሸግ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው መጀመሪያ ዕቃውን አየር በቋጠረው ፕላስቲክ ሲጠቀልለው ነው። ቀለሙ ትኩስ ከሆነ የፕላስቲኩ ክብ ክብ አረፋ ምልክቱን ቀለሙ ላይ አትሞ ይቀራል፤ ቆይቶም ይጣበቃል። ጋዜጣም አታድርጊ፣ ቀለሙን ይለቅበታል። መጀመሪያ ንጹሕ የጥጥ ቲሸርት ወይም ነጭ ወረቀት፣ ከዚያ በላዩ ፕላስቲኩን። ስኮች የፍየሉን ገላ ፈጽሞ እንዳይነካው።

ቀንዱና እግሩ ናቸው የሚሰበሩት። ስለዚህ ጥበቡ እነሱን ጫና አለማስነካት ነው። በእግሮቹ መካከልና በቀንዶቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ በካልሲ ሙዪው። ሰውነቱን ግጥም አድርገሽ ካርቶን ውስጥ ስታስቀምጪ ክብደቱ በሆዱና በጀርባው ላይ ይረፍ፤ የቀንዱ ጫፍ የካርቶኑን ግድግዳ አይንካ። ካርቶኑን ይዘሽ አወዛውዢው። የሚንቀሳቀስ ነገር ከሰማሽ ገና አልጨረስሽም። በእጅ ሻንጣ ብትይዢው እመርጣለሁ፤ ነገር ግን ቀንዱ ሹል ከሆነ ፈታሾች ሊከለክሉሽ ይችላሉ። ሻጩን ቀንዱ ይነቀል እንደሆነ ጠይቂው። ብዙ ጊዜ ተሰክቶ ነው የሚሠራው። ከተነቀለ ለብቻው ጠቅልዪው፤ ግራና ቀኙን ምልክት ማድረግ አትርሺ። ያ የነጠብጣብ ነገር እንዳይገለባበጥ።

ቤት ስትደርሺ ወዲያው ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ወይም ማሞቂያ አጠገብ አታቁሚው። ለገበያ የሚሠራ እንጨት ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ነው የሚጠረበው። እርጥበት ካለበት አገር ወደ ደረቅ ክፍል ሲገባ ይኮማተራል፤ ይሰነጠቃል። ለሁለት ሳምንት ያህል ካርቶኑ ውስጥ ክዳኑን ገርበብ አድርገሽ ተዪው፤ ቀስ ብሎ ይለምዳል። ያም ሆኖ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ብታወጣ አትደንግጪ፤ በእንጨት ማጣበቂያም አትሙያት። ክረምት ሲመጣ እንጨቱ መልሶ ያብጣል፤ የሞላሽው ሙጫ መግቢያ ሲያሳጣው ሌላ ቦታ ይሰነጠቃል።

ከካርቶን ሲወጣ ነጭ ወረቀት ላይ አቁሚው። ከሥሩ እንደ ዱቄት የደቀቀ ብናኝ ከተጠራቀመ ነቀዝ አለው። ቀዳዳዎቹ ስፋታቸው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጠርዛቸው ነጣ ያለ ከሆነ አዲስ ናቸው። ከገበያ ሲገዛም ቢሆን እነዚህን ቀዳዳዎች ፈልጊ፤ በተለይ ቀለም ባልነካው ሆዱ ላይ። ቀለሙ የቀዳዳውን ውስጥ ከሸፈነው ነፍሳቱ ሳይቀባ በፊት ወጥቷል ማለት ነው፤ ቀለሙን በስቶ የወጣ ከሆነ ግን ውስጡ ሌላም ሊኖር ይችላል።

ነቀዝ ቢገኝ የነፍሳት መርዝ አትርጪበት፤ ቀለሙን ያበላሻል። እኛ በሥራ ቦታ የምናደርገው ቅዝቃዜ ነው። ዕቃውን ወፍራም ፌስታል ውስጥ አስገቢና አየሩን አስወጥተሽ በደንብ እሰሪው። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ የሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ ለሁለት ሳምንት ይቆይ። ስታወጪው ፌስታሉን ወዲያው አትፍቺ። የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ አንድ ቀን ሙሉ ይቆይ፤ ካልሆነ ጠሉ እንጨቱ ላይ ያርፋል። ያንቺው ግን አጥንትና ቆዳ በሙጫ የተጣበቁበት ስለሆነ፣ ብናኝ ሳላይበት “ለጥንቃቄ” ብዬ አላቀዘቅዘውም። የተለያዩ ነገሮች ሲቀዘቅዙ እኩል አይኮማተሩም፤ ጥርሱ ሊላቀቅ ይችላል።

የመጨረሻው ሥራ በጣም ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያደርገውም። ነገ እዚያው ገበያ ላይ ቆመሽ በስልክሽ ጻፊ፦ የሠሪው ስም፣ መንደሩ፣ የተገዛበት ቀን፣ የእንጨቱ ስም፣ ሻጩ ስለ ምላሱ የነገረሽ። ሠሪው እዚያ ካለ አስፈቅደሽ ከነፍየሉ ፎቶ አንሺው። ቤት ስትደርሺ ይህን በእርሳስ ካርድ ላይ ገልብጪና ከዕቃው ሥር አኑሪው። በእስክሪብቶ አይሁን፤ ቀለሙ ይደበዝዛል። እንጨቱ ላይም አትጻፊ። ነገ ልጅሽ ወይም የእህትሽ ልጅ ሲወርሰው “የማን እጅ ነው?” ላለ ሰው መልሱ ከዕቃው ጋር ይኖራል። እኔ ጋ ከሚመጡት ዕቃዎች አብዛኞቹ ይህ ካርድ የላቸውም፤ እኔም ግማሹን ጊዜዬን የማጠፋው እሱን በመገመት ነው።

ደግሞ ጠዋት ስትደርሺ ፍየልሽ ተሽጦ ከሆነ፣ ጎኑ የነበሩትን በእልህ እንዳትገዢ። እነሱንም እንደ አዲስ ገልብጠሽ እዪያቸው፤ በተለይ ባለ አራት ጣቱን።